የቆመን የጓሮ ዴክ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ዴኩንም፣ ማለትም በጓሮ በኩል ያለውን የእንጨት መድረክ፣ አብሮ ይረከባል፤ ዴኩ የተሠራው ግን በቀድሞው ባለቤት ፍላጎትና ልክ ነው። አንዱ ከበሩ ደፍ ወደ ዴኩ መውረድ ለእናቱ ጉልበት ስለሚከብድ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይሻል፤ ሌላው ደግሞ ዴኩ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያየው ዝቅ እንዲልለት ይፈልጋል። ሁለቱም የሚቻል ነው። ሆኖም ከፍታው ሲለወጥ ከቤቱ ጋር ያለው ማያያዣ፣ ቋሚዎቹ፣ ደረጃውና በጠርዙ ዙሪያ ያለው መከታ አብረው ስለሚለወጡ፣ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ሒሳቡ በወረቀት ላይ ማለቅ አለበት።

በመጀመሪያ ከዴኩ ሥር ገብተው ይመልከቱ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ ወፍራም ሳንቃ ካለ፣ የዴኩ ግማሽ ያህል ክብደት ያረፈው በቤቱ ላይ ነው፤ ይህ ሳንቃ ሌጀር ይባላል። በግድግዳው በኩልም ቋሚዎችና በእነርሱ ላይ የተጋደመ ወፍራም እንጨት (ቢም) ካሉ ግን ዴኩ ለብቻው የቆመ ስለሆነ ሥራው እጅግ ይቀላል። እዚያው ሳሉ ቋሚዎቹን ከመሬቱ አጠገብ፣ ወለሉን የተሸከሙትን ወራጆች ደግሞ ጫፍ ጫፋቸውን በካቻቪቴ ይውጉ። ካቻቪቴው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ የበሰበሰን ዴክ ከፍታ ለመለወጥ መልፋት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ዴኩ እ.ኤ.አ. ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ እንጨቱ አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የታከመ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲቆረጥ የአቧራ ጭምብል ይደረግ፤ ቁርጥራጩም ለማገዶ፣ ይልቁንም ለሥጋ መጥበሻ፣ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ከዚያ ወዲህ የተለመደው እንጨት የሚታከመው መዳብ በበዛበት መድኃኒት ሲሆን ተራ ምስማርን ቶሎ ስለሚበላ፣ አዲስ የሚገዛው ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ሁሉ በዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

ሌጀር ወይም ቋሚ የሚነካ ለውጥ በአብዛኛው ካውንቲ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ደግሞ የማኅበሩ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። አዲስ የቋሚ መሠረት የሚቆፈር ከሆነ አስቀድሞ 811 ይደወል፤ የጋዝና የመብራት መስመሮቹን በነፃ ምልክት ያደርጉልዎታል።

የሚፈለገው ጭማሪ ጥቂት ኢንች ብቻ ከሆነ ቋሚዎቹን መንካት አያስፈልግም። የወለሉ ጣውላ ይነሣና በወራጆቹ ላይ፣ እነርሱን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ ሁለት በአራት የሚባለው እንጨት በጎኑ ቆሞ ይታሰራል፤ ትክክለኛ ቁመቱ 3 ከግማሽ ኢንች ስለሆነ ወለሉ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ጣውላው ሲመለስ አቅጣጫው ከቀድሞው የተለየ እንደሚሆን አይዘንጋ። በዚህ ቀላል በሚመስለው ዘዴ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። 36 ኢንች የነበረው መከታ ወደ 32 ከግማሽ ስለሚያጥር እርሱም መነሣት አለበት። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ደረጃም ከ7 ኢንች ወደ 10 ከግማሽ ያድጋል፤ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት የግንባታ ደንብ ትልቁ የተፈቀደ የደረጃ ከፍታ ግን 7 ከሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ወለሉ ከበሩ ደፍ ጋር እኩል እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ ዝናቡና የቀለጠው በረዶ ወደ ሳሎን ይገባል።

ለብቻው የቆመን ዴክ ዝቅ ለማድረግ አንዳንዶች ዙሪያውን ክሪክ አስገብተው፣ ቋሚዎቹን ቆርጠው፣ በዝግታ ያወርዱታል። እኔ ይህን አልመክርም። 12 በ16 ጫማ የሆነ ዴክ ባዶውን በአንድ ስኩዌር ጫማ 10 ፓውንድ ቢታሰብለት ወደ 1,920 ፓውንድ፣ ማለትም 870 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንዱ ክሪክ ቢንሸራተት ከሥሩ ያለ ሰው ማምለጫ የለውም። ጣውላውን፣ ወራጁንና ቢሙን በየተራ እየፈቱና ቁጥር እየጻፉባቸው ማውረድ አንድ ቀን ቢጨምር ነው፤ እያንዳንዱን ወራጅ ሁለት ሰው ያነሣዋል። ከዚያ አንድ የውሃ ልክ መስመር በሁሉም ቋሚዎች ላይ በሲባጎ ወይም በሌዘር ይሰመርና የመቁረጫው ልክ ከዚያ መስመር ይወሰዳል። ከመሬት መለካት ስሕተት ነው፣ መሬቱ ራሱ ሜዳ አይደለምና። ከሚፈለገው የወለል ከፍታ ላይ የጣውላው ውፍረት፣ የወራጁና የቢሙ ቁመት ሲቀነስ የቋሚው አናት ይገኛል። ወለሉ ለመሬት በጣም የሚቀርብ ከሆነ አዲሱ እንጨት ለአፈር ንክኪ የታከመ መሆኑ ከመለያ ወረቀቱ ላይ ይረጋገጥ፤ ከሥሩም አየር የሚዘዋወርበት ክፍት ቦታ ይተው።

ከፍ ለማድረግ ሲሆን በአሮጌው ቋሚ ላይ ቁራጭ መቀጠል ፈጽሞ አይገባም፤ መገጣጠሚያው እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ቋሚው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ስድስት በስድስት በሆነ አንድ ወጥ እንጨት ይተካ፤ ቢሙም በቋሚው ጎን በብሎን ብቻ ከሚንጠለጠል በአናቱ ላይ ይረፍ። ዴክ ቁመቱ ሲጨምር መወዛወዙም ስለሚጨምር፣ በቋሚውና በቢሙ መካከል ድጋፎች በሰያፍ ይታሰራሉ። ይህን የሚያቃልል ሰው የምረቃ ድግስ ቀን 40 እንግዳ ዴኩ ላይ እስክስታ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያስብ።

ሌጀሩን ማንቀሳቀስ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ባለሙያ ለመቅጠር የታሰበ ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ይዋል። ሌጀሩ መታሰር ያለበት በቤቱ የወለል ጠርዝ እንጨት ላይ፣ ግማሽ ኢንች በሆነ ብሎን ወይም ለዚሁ በተሠራ ወፍራም ቪቴ ነው፤ በምስማር ብቻ የተያዘ ሌጀር አይታመንም። ዝቅ ሲል ከእንጨቱ አልፎ የመሠረቱ ኮንክሪት ላይ ካረፈ ለኮንክሪት የተሠራ ብሎን ያስፈልጋል። የቤቱ ፊት ለውበት በተለበጠ ጡብ የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ፣ በአካባቢያችን እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ጡቡ ዴክ ሊሸከም ስለማይችል በግድግዳው በኩል ቢምና ቋሚ ተተክሎ ዴኩ ለብቻው እንዲቆም ማድረግ ይሻላል። የቆዩት የብሎን ቀዳዳዎች ይደፈኑ፤ ከአዲሱ ሌጀር በላይም ውሃ ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ የቆርቆሮ መከለያ ከግድግዳው ልባስ ሥር ገብቶ ይታጠፍ።

ለደረጃው የምሰጠው ምክር ከፍታው ገና ሲወሰን የሚታሰብ ነው። ወለሉ ከመሬት 42 ኢንች ከሆነና እያንዳንዳቸው 7 ኢንች የሆኑ 6 የደረጃ ከፍታዎች ካሉት፣ 14 ኢንች ዝቅ ማድረግ ልክ ሁለት ደረጃ መቀነስ ነው፤ የድሮው መወጣጫ አጥሮ ሊያገለግል ይችላል። 12 ኢንች ቢመረጥ ግን መወጣጫው በሙሉ እንደ አዲስ ይጠረባል፣ ምክንያቱም ደንቡ በትልቁና በትንሹ ደረጃ መካከል ከሦስት ስምንተኛ ኢንች የበለጠ ልዩነት አይፈቅድም። 28 ኢንች ላይ የደረሰ ወለል፣ ከጠርዙ እስከ 36 ኢንች ድረስ ያለው መሬት በየትም ቦታ ከ30 ኢንች የበለጠ ካልራቀው፣ በደንቡ መከታ አይጠየቅበትም፤ ሕፃን ባለበት ቤት ግን እኔ አላነሣውም። አራትና ከዚያ በላይ የደረጃ ከፍታዎች ያሉት መወጣጫ የእጅ መያዣ ያስፈልገዋል።

የካውንቲው ተቆጣጣሪ የሌጀሩን ብሎኖችና የወራጆቹን ማያያዣ ብረቶች በዓይኑ ማየት ስለሚፈልግ፣ እርሱ መጥቶ እስኪፈርም ድረስ የወለሉ ጣውላ አይመታ።