መኪናዋ ነዳጅ ስትጠጣ፦ ከምልክቱ ወደ ጥፋቱ

«መኪናዬ ቤንዚን ትጠጣለች» የሚለኝን ሰው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። የሚያውቀው ኪሱ መራቆቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ። ታንከሩን ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ንዱና እንደገና ሙሉ። 420 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 42 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 10 ትሄዳለች ማለት ነው። ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከቀድሞው የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመላት ግን ቆጣሪው አሳንሶ ነው የሚያሳየው፤ ያልጠጣችውን ጠጥታለች ትባላለች።

ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ ስታደርጓት ቶሎ ትቆማለች?

አንደኛ ተጠርጣሪ የጎማ አየር ነው። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጎማው ላይ የታተመው ቁጥር ከፍተኛው ልክ ስለሆነ በእሱ አትሙሉ። ስትለኩም ጎማው ሳይሞቅ ይሁን።

ሁለተኛው የሚይዝ ፍሬን ነው። እኔ በዚህ ተሞኝቻለሁ። ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቀየርኩ፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) አሳጠብኩ፣ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ከመኪናው ስወርድ የኋላ ግራ ጎማ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። በክሪክ አንስቼ በእጄ ሳዞረው ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ። የቀኙ ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ብሎ ኖሯል። እናንተም ፍሬን ሳታበዙ ትንሽ ንዱና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ እንዳትነኩት፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ጥፋተኛው ተገኘ። መፍትሄው ገመዱን መቀየር፣ ወይም የተጣበቀውን ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ነው። አንዳንዴ የፍሬን ጎማ ቱቦው ውስጡ ያብጥና ዘይቱን አሳልፎ አይመልስም፤ ያኔ ቱቦው ይቀየር።

የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቦታው አይደርስም?

15 ደቂቃ ነድታችሁም ከወትሮው ዝቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያግደው ቫልቭ) ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። ሞተሩ ገና ያልሞቀ ስለሚመስለው ነዳጅ መጨመሩን አያቆምም። አንዳንድ መካኒኮች መኪና እንዳይግል ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ይህን ምክር አትስሙ። የሚግል ሞተር ሌላ በሽታ አለበት፤ ቴርሞስታት ማውጣት አንዱን ሕመም በሌላ መለወጥ ነው። አዲሱ ርካሽ ዕቃ ነው፣ አስገጥሙት።

ጥቁር ጭስ ታወጣለች?

ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል። ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) ላላት መኪና ቾኩ (በብርድ ስትነሳ አየሩን የሚያሳንሰው መዝጊያ) ተዘግቶ መቅረቱን፣ የአየር ፊልትሮውም መደፈኑን አረጋግጡ። ኢንጀክተር ላላት ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) እና የሞተር ሙቀት ሴንሰሩን በኮምፒውተር አስመርምሩ፤ በግምት ሴንሰር አትግዙ። በእነዚህ መኪኖች ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ነዳጅ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ቆማ ቤንዚን የምትሸት ከሆነ ግን የፍጆታ ጉዳይ አይደለም፣ እሳት ነው፤ ሳትነዱ አሳዩ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትፈጥንም?

ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) አልቋል። ይቀየር።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን ትጠጣለች?

እንግዲህ ሹፌሩን እንመርምር። ከጣሪያው ላይ ባዶውን የሚጓዝ የዕቃ መጫኛ ካለ አውርዱት፤ በፍጥነት ስትነዱ ንፋሱን የሚገፋው በእናንተ ቤንዚን ነው። ሰው ስትጠብቁ ሞተር አስነስታችሁ አትቁሙ፤ ትንሽ ሞተር እንኳ ቆሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ማድረግም ይቆጥባል የሚሉ አሉ። ኢንጀክተር ያላት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ስታነሱ ነዳጁን ጭራሽ ትዘጋዋለች፤ ዜሮ ስታደርጓት ነው ሚኒሞ (ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ለመያዝ መጠጣት የምትጀምረው። ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ሸክም ደግሞ ሌላ ነው።