ምቱን ሳይቆጥሩ መሣል፦ የቀድሞዎቹን የአሜሪካ ካርቱኖች የሚያጠኑ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ሁለት ወር የለፋችበትን የአንድ ደቂቃ ተኩል አኒሜሽን ይዛ መጣች። ሥዕሉ ያምራል። ገጸ ባሕሪዋ አሮጊት ናት፤ ስትራመድ የዕድሜዋ ክብደት ይታያል። ከዚያ ድምፁን ከፈተችልኝ። አንድ የምትወደውን ዘፈን ከምስሉ ሥር ዘርግታዋለች። የአሮጊቷ እግር መሬት ሲነካ ከበሮው ዝም ይላል፤ ከበሮው ሲመታ እግሯ አየር ላይ ነው። «ዘፈኑን ትንሽ ወደ ኋላ ብገፋው አይስተካከልም?» አለችኝ። አይስተካከልም። አንዱን እርምጃ ብታስተካክለው ቀጣዮቹ አራቱ ይፈርሳሉ። ይህን ጥያቄ ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ጽፌ ላስቀምጠው።

ተማሪዎቼን እየመለስኩ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደተሠሩት የአሜሪካ አጫጭር ካርቱኖች የምወስዳቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ድምፅ ለዚያ ትውልድ አዲስ ነገር ስለነበር ማንም የሚያሳየው ሰው አልነበረውም፤ እያንዳንዱን ችግር ራሱ መፍታት ነበረበት። ችግሩ ሲፈታ ማየት ደግሞ ከየትኛውም ትምህርት ይበልጣል። ነገር ግን እነዚህን ፊልሞች በማየት፣ በማሳየትና ከእነርሱ በመማር ረገድ በየጊዜው የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

መጀመሪያ ሥሎ በኋላ ሙዚቃ መፈለግ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ በደቂቃ 1440 ማለት ነው። 1440ን ለሙዚቃው የደቂቃ ምት አካፍሉት። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየ12 ፍሬሙ አንድ ምት ይሰጣችኋል። 90 ከሆነ በየ16፣ 144 ከሆነ በየ10 ፍሬሙ። በቃ ይህ ነው። አንድ እግር መሬት የሚነካበትን ፍሬም ከመሣላችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

በ1928 የዋልት ዲዝኒ ትንሽ ስቱዲዮ «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለውን የሚኪ ማውስ ካርቱን ሲያዘጋጅ መንገዱን ያገኘው በዚህ ስሌት ነው። ዊልፍሬድ ጃክሰን የሚባል ገና በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ነበር፤ እናቱ ፒያኖ አስተማሪ ስለነበረች ምትን በእኩል ርቀት እየቆጠረ የሚያሰማው ሜትሮኖም ምን እንደሆነ ያውቃል። ፊልሙ የሚሄድበት ፍጥነት ቋሚ ከሆነ፣ የሜትሮኖሙ እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም ላይ እንደሚያርፍ ማስላት ይቻላል አለ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውና ድርጊቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተያይዘው መጻፍ ጀመሩ፦ በላይ ዜማው፣ ከሥሩ አይጡ በዚያ ምት ላይ የሚያደርገው ነገር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ሙዚቃው ቀድሞ ተቀረጸ» ይላል። አልተቀረጸም። ሥዕሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልቆ ነው ሙዚቃው ኒውዮርክ የተቀረጸው። የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ከሽፏል፤ ኦርኬስትራው ከምስሉ ጋር መሄድ አልቻለም። በዚያ ጊዜ ድምፆችን ለየብቻ ቀርጾ ማዋሃድ ስለማይቻል ሙዚቀኛው፣ ጩኸት የሚያሰማውና ፉጨት የሚያፏጨው ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ስህተት መጨረስ ነበረባቸው። ገንዘቡ አለቀ፤ ዲዝኒ መኪናውን አሸጠ። ለሁለተኛው ቀረጻ በፊልሙ ላይ ምቱን የምታሳይ ከፍ ዝቅ የምትል ኳስ ተደረገች፤ የኦርኬስትራው መሪ ካርል ኤድዋርድ እርሷን እያየ መራ፤ ሁሉም ነገር ገጠመ።

ለምን ገጠመ? ምቱ አስቀድሞ በሥዕሉ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሳይቆጠር ተሥሎ ቢሆን ኖሮ አንዲት ኳስ ቀርቶ መቶ ኳስ አያድነውም ነበር። የተማሪዬ አሮጊትም የምትድነው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው፤ እንደገና በመሣል። ይህን ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔንም አሳዘነኝ፤ ግን ሌላ መልስ አልነበረኝም።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። በጀመርኩበት ዓመት እስክስታ የሚመታ አውራ ዶሮ አምስት ሳምንት ሣልኩ። ከዚያ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለምኜ አመጣሁና «ይህን እያየህ ተጫወትልኝ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና «ወንድሜ፣ ይህ ዶሮ በየትኛው ምት ነው የሚጨፍረው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከአምስቱ ሳምንት ሥራ የተረፈኝ አንገቱን የሚሰብቅበት አጭር ቁራጭ ብቻ ነው።

ለእኛ ሙዚቃ አንድ ነገር ጨምሩ። ችክችካ እያንዳንዱን ዋና ምት ለሦስት ይከፍላል። ስለዚህ ለሦስት የሚካፈል ቁጥር ምረጡ፦ 9፣ 12፣ 15፣ 18። የ12 ፍሬም ምት ላይ የትከሻው እንቅስቃሴ በየ4 ፍሬሙ ይወድቃል፤ ንጹሕ ነው። የ16 ፍሬም ምት ከመረጣችሁ ሦስቱ ክፍሎች እኩል አይሆኑም፤ እስክስታው የሚያነክስ ይመስላል፣ ምክንያቱን ግን አታገኙትም።

ቃልንና ምትን መቀላቀል

ከላይ ያልኩትን ሰምተው «የገጸ ባሕሪው ንግግርም የግድ ቀድሞ መቀረጽ አለበት» የሚሉ አሉ። ኒውዮርክ የነበረው የፍላይሸር ወንድማማቾች ስቱዲዮ በ1930ዎቹ አብዛኛውን ንግግር የሚቀርጸው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነበር፤ በመርከበኛው ፖፓይ አፍ ውስጥ የሚሰማው ያ ማጉረምረምም ተዋናዮቹ ምስሉን እያዩ የጨመሩት ነው። ይሠራል፤ እንዲያውም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነፍስ አለው። ሥዕሎቹ ግን ከታች በምት ላይ ቆመዋል።

ፊሊክስ የተሸነፈው ሠዓሊው ስለደከመ ነው ማለት

ይህን ስሰማ እቆጣለሁ፤ ፊሊክስ ድመቱን ስለምወደው ነው። በ1919 ከፓት ሱሊቫን ስቱዲዮ ወጣ፤ በ1920ዎቹ ውስጥ በዓለም ላይ ከእርሱ የበለጠ የታወቀ የካርቱን ገጸ ባሕሪ አልነበረም። የሚሥለውና የሚመራው ኦቶ ሜስመር ነው፤ ስሙ ግን በፊልሞቹ ላይ አይጻፍም ነበር፤ ክብሩን ሱሊቫን ወሰደው። ሜስመር በምስል ብቻ የሚያስብ ሰው ነበር። ፊሊክስ ግራ ሲገባው ከጭንቅላቱ በላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣል፤ ድመቱ ምልክቱን አየር ላይ ይይዝና መንጠቆ ያደርገዋል። ጅራቱን ነቅሎ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለመሣል ድምፅ አያስፈልግም፤ ዝምታው ራሱ የቀልዱ አካል ነው።

ድምፅ ሲመጣ ሱሊቫን ዘገየ። በኋላ ሲነቃ ሙዚቃና ጩኸት በሥዕሎቹ ላይ ተለጠፈ፤ ልክ የተማሪዬ ዘፈን እንደተለጠፈው። ሥዕሎቹ ለዚያ አልተቆጠሩም ነበርና ሁለቱ ነገሮች እንደማይተዋወቁ እንግዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊሊክስ ከሲኒማ ቤት ጠፋ። ጥፋቱ የሜስመር እጅ አይደለም። የፊሊክስን ጥሩ ፊልሞች ድምፁን ዘግታችሁ እዩ፤ ከዚያ ፍረዱ።

«የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ካርቱን»

«ስቲምቦት ዊሊ» አይደለም። ማክስና ዴቭ ፍላይሸር ከ1924 ጀምሮ ተመልካቹ አብሮ የሚዘፍንባቸው የዘፈን ካርቱኖች ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በሊ ዲ ፎረስት የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ የተቀረጸ ድምፅ ነበራቸው። ከግጥሙ በላይ እየዘለለች የምትሄደው ኳስ የእነርሱ ናት። በ1926 በወጣው በአንዱ ውስጥ ውሻ አፉን ከፍቶ ይናገራል። የፖል ቴሪ «ዲነር ታይም»ም ለሕዝብ የታየው ከ«ስቲምቦት ዊሊ» ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ነው። ዲዝኒ ኒውዮርክ ውስጥ አይቶት ምንም እንዳልሆነ ለጓደኞቹ ጽፏል። ልክ ነበር፤ ጩኸቱ ከምስሉ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ስለዚህ «ድምፅና ምስል ከመሠረቱ አብረው ታስበው በሕዝብ ዘንድ የገነነ የመጀመሪያው ካርቱን» በሉ። ረጅም ነው፤ ግን እውነት ነው።

«ዋልት ዲዝኒ ሣለው»

የመጀመሪያዎቹን የሚኪ ማውስ ፊልሞች በአብዛኛው የሣለው ኧብ አይወርክስ ነው። «ፕሌን ክሬዚ»ን ብቻውን ሲሥል በቀን እስከ 700 ሥዕል ያወጣ እንደነበር ይነገራል። ዲዝኒ ድምፁን ሰጠ፣ ታሪኩን ገራ፣ ገንዘቡን ፈለገ። ሁለቱን ሰዎች በየቦታቸው አስቀምጡ።

ቶምና ጄሪ

በ1931 የወጡት ቶምና ጄሪ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰው ናቸው። ድመቱና አይጡ የመጡት በ1940 ነው። አትቀላቅሏቸው።

የዘመን አቆጣጠርን አለመጻፍ

በአማርኛ ስትጽፉ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አትዝለሉ። እኔ እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ተማሪ «በ1928 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈና አንባቢዎቹ ሚኪ ማውስን የማይጨው ጦርነት ዓመት ውስጥ ከተቱት። «ስቲምቦት ዊሊ» ኒውዮርክ በኮሎኒ ቲያትር የታየው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 9 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ በጫኑ ልክ በስድስተኛው ሳምንት።

ድምፅ አልባን ዝምታ አድርጎ ማሳየት

ዊንሰር ማኬይ በ1914 ዳይኖሰሯን ገርቲን ሲያሳይ መድረኩ ላይ ጅራፍ ይዞ ቆሞ ያናግራት ነበር፤ እርሷም በስክሪኑ ላይ ትታዘዛለች፣ ሲቆጣትም ታለቅሳለች። በየሲኒማ ቤቱም ፒያኖ ወይም ኦርጋን የሚጫወት ሰው ነበር። ካርል ስቶሊንግ ለዲዝኒ ሙዚቃ ከመጻፉ በፊት በካንሳስ ሲቲ የሲኒማ ቤት ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ምስልን በእጁ መከተልን የተማረው እዚያ ነው። በ1929 ሙዚቃው ድርጊቱን የሚመራበትን «ዘ ስኬለተን ዳንስ»ን ያስጀመረውም የእርሱ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ በጸጥታ አታሳዩዋቸው። ከተቻለ ሕያው ሙዚቀኛ አስቀምጡ፤ ፊልሙን ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ አስቀድሞ ይይ። አንድ ጊዜ ክራር ተጫዋች ጓደኛዬ አምባሰልን ለአንድ የድመት አሳዛኝ ትዕይንት ተጫወተ፤ አዳራሹ ሲሳለቅ የነበረው በአንድ አፍታ ረጋ። ያን ምሽት አልረሳውም።

የተሳሳተ ፍጥነት

ድምፅ አልባ ፊልሞች አንድ ወጥ ፍጥነት አልነበራቸውም፤ ከ16 እስከ 24 ፍሬም በሰከንድ ይለያያሉ። ለ16 የታሰበ የ7 ደቂቃ ካርቱን በ24 ሲሄድ በ4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። ከዚያ ሰዎች «ድሮ ሲሠሩ ሁሉም ነገር የሚሮጥ ነበር» ይላሉ። የሚሮጠው ያሳያችሁት ቅጂ ነው። የሚወድቅ ነገርና የሚራመድ ሰው ፈልጉ፤ ክብደታቸው እስኪታይ ድረስ ፍጥነቱን ቀንሱ።

ቀድሞ ሳያዩ ለልጆች ማሳየት

ይህ ስህተት የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ያመኛል። ለልጆች በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ የቦስኮን አንድ ፊልም ሳልመረምር አቀረብኩ። ቦስኮ ሂዩ ሃርማንና ሩዶልፍ አይሲንግ የፈጠሩት ገጸ ባሕሪ ነው፤ ሲመዘገብ ጥቁር ልጅ ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ አነጋገሩና ከንፈሩ የተወሰዱት ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ጥቁሮችን ከሚያላግጡበት የመድረክ ትርዒት ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ካርቱኖች፣ ነጭ ጓንታቸውን ጨምሮ፣ ከዚያ ትርዒት የወረሱት ነገር አለ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ እጁን አውጥቶ «ይሄ እኛ ነን?» አለ። ፊልሙን አስቆምኩ። የምናገረው ነገር አላዘጋጀሁም ነበርና እየተንተባተብኩ አስረዳሁ።

አሁን ለአዋቂ ተማሪዎቼ እነዚህን ፊልሞች እሰውር ዘንድ አልፈልግም፤ ከየት እንደመጡ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ አብረን እናያለን። ለልጆች ግን ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ሳላይ አንድም ነገር አላቀርብም። እናንተም አታቅርቡ።

ነጻ የሆነውንና ያልሆነውን አለመለየት

«ስቲምቦት ዊሊ» በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ያበቃው በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። ያበቃው የዚያ ፊልም መብት እንጂ በኋላ የመጣው ባለ ቀለሙ ሚኪ አይደለም፤ የንግድ ምልክቱም አልተነካም። በአሮጌ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ በቅርብ ዓመታት የተቀረጸ አዲስ ሙዚቃም የራሱ ባለቤት አለው።

የተቆረጠ ቅጂ ማጥናት

የድምፁ መስመር የሚታተመው በፊልሙ ጠርዝ፣ ከምስሉ በስተግራ ነው። ድምፅ አልባ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ድምፅ የተጨመረለት ካርቱን በግዴለሽነት ከታተመ ያን ያህል የግራ ጎኑን ያጣል። አንድ ተማሪ ገጸ ባሕሪው ለምን ዘወትር ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እንደሚጣበቅ ሦስት ገጽ ትንታኔ ጽፎ አምጥቶልኛል። የመክፈቻውን ርዕስ ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ፊደል ግማሹ ከሌለ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።