ሁለገብ አጥቂን የሚያባክኑ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ከሄርማታ እስከ ጅሬን ታዳጊዎችን የምታሰለጥኑ ሁሉ፣ በቡድናችሁ ውስጥ በሁለቱም መስመሮች፣ በመሀል አጥቂነትም ሆነ ከአጥቂው ጀርባ መጫወት የሚችል ልጅ ካለ አደራ ተጠንቀቁለት። እንዲህ ያለው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚባክነው በአሰልጣኙ ውሳኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የጎደለ ቦታ መሙያ ማድረግ ነው። አጥቂ ሲጎዳ ይገባል፣ የተጎዳው ሲያገግም ተመልሶ ይቀመጣል። ሁለገብ አጥቂ ግን የሚጠቅመው ሁሉም ተሟልቶ ባለበት ቀን ጭምር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የባርሴሎና አሰልጣኝ የነበረው ጋርዲዮላ ሜሲን ከቀኝ መስመር ወደ መሀል ሲያመጣው፣ የሪያል ማድሪድ ተከላካዮች ተከትለውት መውጣታቸውንም መቆየታቸውንም መወሰን አቃታቸው፤ ባርሴሎና በማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ 6 ለ 2 አሸነፈ። ሁሉም የሚያነሳው ሜሲን ነው። እኔ ግን የቡድን ጓደኛውን ኤቶን አነሳለሁ፤ የመሀል አጥቂነቱን ትቶ ቀኝ መስመሩን ባይዝ ኖሮ ያ ለውጥ አይሠራም ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ለኢንተር ሚላን በመስመር ተሰልፎ፣ የቡድን ጓደኛው ቲያጎ ሞታ በቀይ ካርድ በወጣበት፣ በባርሴሎና ሜዳ ካምፕ ኑ በተደረገው ጨዋታ እንደ ተከላካይ ሲሮጥ አመሸ። ኢንተር በዚያ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን ወሰደ።

ሁለተኛው ስህተት ግብ ብቻ መቁጠር ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ባሸነፈበት ዓመት የአጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ ግቦች ከተማዋን አስፈንድቀዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን እያንዳንዱን ልጅ በዚያ መለካት ተገቢ አይደለም። ተከላካይ ጎትቶ ለጓደኛው ክፍተት የከፈተው ልጅ ስሙ በግብ አስቆጣሪዎች ዝርዝር ላይ አይገኝም። ይህን በቡድኑ ፊት ንገሩት።

ሳያለማመዱ ማዘዋወርም አለ። መሀል ላይ ጀርባህን ለግብ ሰጥተህ፣ ተከላካይ ተለጥፎብህ ኳስ ትቀበላለህ፤ መስመር ላይ ግን ሜዳውን እያየህ ነው። ሁለቱ የተለያየ ልምምድ ይፈልጋሉ። ከኋላው ያለው የመስመር ተከላካይም ለውጡን አስቀድሞ ካላወቀ፣ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ያ ወገን ባዶ ይቀራል። በክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ኳስ እየገፋ የሚያልፍ የመስመር ልጅ ፍጥነቱን ያጣል፤ ያን ጊዜ ከአጥቂው ጀርባ አስገብቶ ተመላሽ ኳሶችን እንዲለቅም ማድረግ ጥሩ ነው፣ አስቀድሞ ከተለማመደው።

በመጨረሻ፣ ታዳጊን በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየሩ ሁለገብ ማድረግ አይቻልም። ፈረንሳዊው ቲዬሪ አንሪ በ1999 እ.ኤ.አ. አርሰናል ደርሶ መሀል አጥቂ ሲሆን የመስመር ጨዋታን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ከግራ ተነስቶ ወደ ውስጥ የመግባት ልማዱን ይዞ መጣ። ልጁ መጀመሪያ አንዱን ቦታ በደንብ ይካን፣ ሁለተኛው ከዚያ ይጨመርለት።