ፊዝኤክስን ላብራው ወይስ ልተወው? ድሬ ላይ በፒሲ ለምትጫወቱ

ሳቢያን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ማፊያ 2ን ጭኗል። «አቦ፣ ሴቲንጉ ውስጥ አፔክስ ፊዝኤክስ የሚል ነገር አለ። ሳበራው ጌሙ በጣም ያምራል፣ ተኩስ ሲበዛ ግን ይንቀራፈፋል። ምን ላድርገው?» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ከዚያ ወዲህ ሁለት የሰፈር ልጆች ያንኑ ጥያቄ ስላመጡብኝ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ፊዝኤክስ ማለት ጌም ውስጥ እንደ ጭስና ስብርባሪ ያለውን ነገር እንቅስቃሴ የሚያሰላ የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዎ፣ ጌሙን ያሳምረዋል፣ በአንዳንድ ጌም ላይማ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን የሚያሳምረው ጌሙ ሳይቆራረጥ መሄድ ከቻለ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያለ ሰው ሊነግራችሁ አይችልም፤ እሱ የሚጫወተው በሌላ ካርድ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ አየር ነው። በራሳችሁ ማሽን፣ በድሬ ሙቀት መለካት አለባችሁ። እንዴት እንደሚለካ ነው የማሳያችሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ጌም ውስጥ ፊዚክስ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጨዋታው ራሱ የቆመበት ነው። በ2004 የወጣውን ሃፍ ላይፍ 2ን የተጫወተ ያውቀዋል፤ ሳጥን አንስተህ ትወረውራለህ፣ ጣውላ ላይ ክብደት ጭነህ ትሻገራለህ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሃቮክ የሚባል ሶፍትዌር ነው፣ የሚሠራውም በፕሮሰሰሩ ነው። ቢምኤንጂ ድራይቭ ላይ መኪናው ግድግዳ ሲመታ ቆርቆሮው የሚጨማደደውም በፕሮሰሰር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጌጥ ነው፦ ጭስ፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ በነፋስ የሚውለበለብ ጨርቅ፣ መሬት ላይ የሚበር ወረቀት። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ፊዝኤክስ በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

ጌጥ ብቻ ሆኖ የቀረበት ምክንያት አለው። አጂያ የሚባል ኩባንያ በ2006 ለፊዚክስ ብቻ የተሠራ የተለየ ካርድ አወጣ። ሲወጣ ዋጋው ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ነበር፣ 128 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው። የገዛው ሰው ጥቂት ነው። ገዢ ከሌለ ደግሞ የጌም ሠሪው ጨዋታውን በዚያ ካርድ ላይ ሊያቆም አይችልም፤ ካርዱ የሌለው ሰው መጫወት ሊያቅተው ነዋ! ስለዚህ የሚቀረው ቢጠፋ የማይጎዳ ጌጥ መጨመር ነው። በ2008 ግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ አጂያን ገዝቶ ሥራውን ከጂፎርስ 8 ጀምሮ ወዳሉት የራሱ ካርዶች አዞረው። ያ ችግር ግን በዚያም አልተፈታም፣ ራዲዮን የሚባለው የሌላ ኩባንያ ካርድ ያለው ሰው ከጨዋታው ውጭ ነበርና። ለእኛ ከዚህ የሚወጣው ጥሩ ዜና ይህ ነው፦ ፊዝኤክስን ብታጠፉት ከታሪኩም ከጨዋታውም የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። ያለ ስጋት ሞክሩት።

አሁን ወደ ሥራው።

ካርዳችሁን እወቁ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን እዩ፤ ስሙ እዚያው ተጽፏል። ጂፎርስ ከሆነ ቀጥሉ። ራዲዮን ወይም ኢንቴል ከሆነ በእነዚህ የድሮ ጌሞች ላይ ፊዝኤክስ ሃይ ብትሉ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ኦፍ ወይም ሎው አድርጋችሁ በሰላም ተጫወቱ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጭስ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቅንጣቶች ናቸው፣ የእያንዳንዷ መንገድ ለብቻው ይሰላል። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋው 1280 ትንንሽ ኮሮች (ሒሳቡን የሚሠሩ ክፍሎች) ስላሉት ሥራውን ተከፋፍሎ ይጨርሰዋል። ፕሮሰሰር ያለው አራት ወይም ስምንት ኮር ነው። በዚያ ላይ የድሮው ፊዝኤክስ ፕሮሰሰር ላይ ሲሠራ ያረጀ የትእዛዝ ዓይነት እንደሚጠቀም በ2010 ሰዎች መርምረው አሳይተዋል፣ በ2011 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው ያስተካከለው። የድሮዎቹ ጌሞች ግን ይዘው የቀሩት የድሮውን ነው። ለዚህ ነው አዲስ ፕሮሰሰር እንኳ አንዳንዴ የሚያቅተው።

ቀጥሎ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ። ኮንፊገር ሰራውንድ ፊዝኤክስ የሚል ገጽ አለ። እዚያ ፊዝኤክስ ፕሮሰሰር የሚለውን ከአውቶ አውጥታችሁ የካርዳችሁን ስም ምረጡ። ከላይ ካለው ስሪዲ ሴቲንግስ ሜኑ ደግሞ የፊዝኤክስ ቪዥዋል ኢንዲኬተር የሚለውን አብሩት። ጌሙ ሲከፈት ፊዚክሱ በጂፒዩ (በካርዱ) ይሁን በሲፒዩ (በፕሮሰሰሩ) ስክሪኑ ላይ ይጽፍላችኋል። ይህችን ምልክት ሳታዩ አትለኩ። ብዙ ሰው በካርዱ እየሠራ ይመስለዋል፣ ሥራው ግን ፕሮሰሰሩ ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ «ፊዝኤክስ የማይረባ ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል።

አርቲኤክስ 50 ያላችሁ ትንሽ ለየት ይላል። እነዚህ ካርዶች በ2025 ሲወጡ የ32 ቢት ኩዳን (የድሮ ጌሞች ካርዱን ለሒሳብ የሚያዙበትን መንገድ) ስለተዉ የድሮ ጌሞች ፊዝኤክስ በካርዱ መሥራቱ ቀረ። ሰው በጣም ተቆጣ። ኤንቪዲያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ለተወሰኑ ጌሞች መለሰው፤ ስለዚህ ድራይቨራችሁን አድሱ። እንደ አርክሃም ናይት እና ሜትሮ ኤክሶደስ ያሉት 64 ቢት ጌሞች መጀመሪያውንም አልተነኩም።

አሁን መለካት። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን አውርዱ፣ ነጻ ነው። የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚወጣ)፣ የፍሬም ታይም (አንዱ ሥዕል የሚፈጀውን ጊዜ) እና የካርዱን ሙቀት ስክሪን ላይ እንዲያሳይ አድርጉት። ማፊያ 2 የራሱ ቤንችማርክ (ራሱ ሄዶ ፍጥነቱን የሚለካ ሙከራ) ስላለው በጣም ይመቻል። መጀመሪያ አፔክስን ኦፍ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሚዲየም ላይ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሃይ ላይ ሦስት ጊዜ አስኪዱት። ሌላ ሴቲንግ አትንኩ! አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀይሩት። ቤንችማርክ የሌለው ጌም ከሆነ ከባዱን ቦታ ሴቭ አድርጋችሁ እዚያው ሁለት ደቂቃ ተዋጉ፣ መልሳችሁም ያንኑ።

አማካዩን ቁጥር ብቻ አይታችሁ እንዳትሸወዱ። እጃችሁ የሚሰማው አማካዩ ሳይሆን ዝቅተኛው ነው። ሒሳቡ ይኸውላችሁ። በ60 ፍሬም ለመሄድ ካርዱ እያንዳንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ መጨረስ አለበት። ሥዕሉ ብቻ 14 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። መስታወት ተሰብሮ ፊዚክሱ 6 ሚሊሰከንድ ከጨመረ 20 ይሆናል፣ ይህ 50 ፍሬም ነው። ይህ ይቻላል። ግን ያ ጭማሪ ሁልጊዜ አይደለም የሚመጣው። ዝም ብላችሁ ስትራመዱ ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው፣ ቦምብ ሲፈነዳ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ፍሬም በሚያስፈልጋችሁ በተኩሱ መሃል ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ በከባዱ ቦታ ከ40 በታች የሚወርድ ከሆነ አንድ ደረጃ እቀንሳለሁ።

ወዲያው ፊዝኤክሱን ከመቀነሳችሁ በፊት ግን ሌላ የምትሰጡትን ፈልጉ። ጥላውን ከአልትራ ወደ ሚዲየም አውርዱ። አንቲኤሊያሲንጉን (የጠርዝ ማለስለሻውን) ቀንሱ። የሚበር ወረቀትና የሚከፈል ጭስ ከጥላ ጠርዝ ጥራት ይልቅ ዓይን ይይዛል፤ ይህን በልበ ሙሉነት ነው የምናገረው።

የድሬ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የለካችሁት ቁጥር ከሰዓት በኋላ አይሠራም። በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ራሱ እንደ ምድጃ ነው፤ ፋኑ የሚስበው አየር ገና ከመነሻው የጋለ ነው። እንደ ጂቲኤክስ 1060 ያለ ካርድ ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፊዝኤክስ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ሙቀት ነው። ሐረር ያለ ጓደኛዬ ልክ እንደኔው ያለ ካርድ አለው። እሱ ያለው ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እኛ ወደ 1200 ላይ። እሱ ሃይ ላይ ሰዓታት ይጫወታል፣ እኔ ቀን ቀን ሚዲየም ነኝ፣ ማታ ነፋሱ ሲገባ ብቻ ወደ ሃይ እመልሰዋለሁ። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ጌሙን 20 ደቂቃ አስኪዱና ካርዱ ይሙቅ። ከዚያ ለኩ።

አቧራውንም አትርሱ። ኬዛችሁን በየወሩ ክፈቱና በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ፔስቱን (በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን) አስቀይሩ። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ካርድ «ምንም አልተነካም» ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ፤ ስከፍተው ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። አዲስ ስቀባው ሙቀቱ ወዲያው ወረደ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ካርድ ስትገዙ ሻጩን ሰክቶ ከባድ ጌም አሥር ደቂቃ እንዲያስኬድላችሁ ለምኑት፣ ሙቀቱንም በዓይናችሁ እዩ። አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይረዳል፦ ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ማክስ ፍሬም ሬትን 60 ላይ ገድቡት። ተራ ቦታ ላይ ካርዱ በከንቱ 110 ፍሬም እያመረተ አይግልም፣ ለተኩሱ ጊዜ ትንፋሽ ይተርፈዋል።

አሁን ጌም በጌም ልንገራችሁ፣ ይህ የራሴ ፍርድ ነው።

ባትማን አርክሃም አሳይለም፣ 2009። ካላችሁ በእርግጠኝነት አብሩት። ወለሉ ላይ ያለው ወረቀት ስትሮጡ ይበተናል፣ ጭሱ በባትማን ካባ ዙሪያ ተከፍሎ ከኋላው ይገጥማል። ደቻቱ አሸዋ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ አቧራው ተከፍሎ ቀስ ብሎ እንደሚመለሰው ነው። ሳይበራ ክፍሎቹ ባዶ ይመስላሉ። ሲበራ ሰው የኖረበት ቤት ይሆናል። ጌጡ የቦታውን ስሜት የያዘበት ከሁሉ የምወደው እሱ ነው።

ሚረርስ ኤጅ ፒሲ ላይ በ2009 መጀመሪያ ወጣ። መስታወቱና በጥይት የሚቀደደው ፕላስቲክ ያምራል። አንድ ችግር አለው፣ ጌሙ የራሱን አሮጌ የፊዝኤክስ ፋይሎች ይዞ ስለሚመጣ መስታወት በተሰበረ ቁጥር ቀጥ ሊል ይችላል። ባይነሪስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፊዝኤክስኮር እና ፊዝኤክስዲቫይስ የሚባሉ ዲኤልኤል ፋይሎች አሉ። አታጥፏቸው፣ ወደ ሌላ ፎልደር አንሷቸው። ጌሙ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን አዲሱን ይጠቀማል።

ማፊያ 2፣ 2010። ከግድግዳና ከመኪና መስታወት የሚረግፈው ስብርባሪ ተኩሱን ክብደት ይሰጠዋል። የኮቱ እንቅስቃሴ ግን ለሚበላው ጉልበት የሚመጥን አይደለም። ለአክስቴ ልጅ ሚዲየም ያልኩት ለዚህ ነው፣ እሱም በዚያው ጨረሰው። ቦርደርላንድስ 2 ላይ ፈሳሹ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ደስ ይላል፣ ግን አራት ሰው ሆናችሁ ስትጫወቱ ስክሪኑ ይጨናነቅና ጠላት የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል። ሎው ወይም ሚዲየም ይበቃዋል። ሜትሮ 2033 ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ እንደተመቻችሁ።

ሁለተኛ ካርድ ለፊዝኤክስ ብቻ ልግዛ ወይ የሚሉኝ አሉ። አትግዙ። ድሮ ሰው ያደርገው ነበር፣ ኮንትሮል ፓነሉም ይፈቅዳል። ነገር ግን ፓወር ሰፕላያችሁ ሌላ ጭነት ይሸከማል፣ ኬዛችሁ ውስጥ ሌላ ምድጃ ይገባል። ያ ገንዘብ ለጥሩ ስታቢላይዘርና ለሁለት የኬዝ ፋን ይሁን፤ አንዱን ከፊት አየር እንዲያስገባ፣ ሌላውን ከኋላ እንዲያስወጣ አድርጋችሁ ግጠሙ። ከዚያ ያንኑ ቤንችማርክ እንደገና አስኪዱት። እኔ ጋ ሙቀቱ ከ84 ወደ 76 ነው የወረደው፣ የአርክሃሙን ጭስም አሁን ቀንም አበራዋለሁ።