አክሰስ ያልታሰበ «ዳታቤዝ1» ሲፈጥር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም በጋራ በሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች፣ ማንም ያልፈጠረው «ዳታቤዝ1»፣ ሰንብቶም «ዳታቤዝ2» የተባለ ፋይል ከዋናው ጎን ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህን ፋይል ትርፍ ነው ብሎ ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። አክሰስ ዳታቤዝን ኮምፓክት ሲያደርግ፣ ማለትም ባዶ ቦታውን አስወግዶ ፋይሉን ሲያሳንስ፣ ይዘቱን በዚያው ፎልደር ውስጥ ወዳለ ጊዜያዊ ፋይል ይገለብጣል፤ ከዚያም ዋናውን አጥፍቶ ጊዜያዊውን በዋናው ስም ይሰይመዋል። ሥራው ዋናው ከመጥፋቱ በፊት ከተቋረጠ ሁለት ቅጂዎች ይቀራሉ፤ ዋናው ከጠፋ በኋላ፣ ነገር ግን አዲሱ ስሙን ሳያገኝ ከተቋረጠ ግን ያ እንግዳ ፋይል የቀረው ብቸኛ ቅጂ ይሆናል። ስለዚህ ተጠቃሚዎች ሁሉ እንዲወጡ አድርጎ፣ የተገኙትን ፋይሎች በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ በመጨረሻ የገቡትን መዝገቦች ማነጻጸር ይቀድማል። በመጠን መፍረድም ያሳስታል፤ ኮምፓክት የተደረገው ፋይል ባዶ ቦታው ስለተወገደለት ማነሱ የሚጠበቅ እንጂ የጉድለት ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የመቆለፊያ ፋይልን እንደ ቅጂ መቁጠር ነው። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን (ከስሙ ቀጥሎ የፋይሉን ዓይነት የሚገልጹትን ፊደላት) ስለሚደብቅ፣ ዳታቤዙ ሲከፈት ማን እንደከፈተው ለመመዝገብ የሚፈጠረው ይህ ትንሽ ፋይል የዋናውን ስም ይዞ ይታያል። የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲዘጋ በራሱ ይጠፋል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶም ካልጠፋ፣ ወይ ፕሮግራሙ በአግባቡ አልተዘጋም፣ ወይ ተጠቃሚው በፎልደሩ ላይ የማጥፋት ፈቃድ የለውም።

ይህ የፈቃድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። መረጃው እንዳይጠፋ በሚል በጎ ሐሳብ ሠራተኞች እንዲያነቡና እንዲጽፉ ብቻ ይፈቀድላቸዋል፤ አክሰስ ግን የሚሠራው በከፈተው ሰው ፈቃድ ነውና ኮምፓክት ሲያደርግ አሮጌውን ማጥፋት ይሳነዋል። እንግዲህ ጥበቃው ራሱ የችግሩ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ሲዘጋ በራሱ ኮምፓክት እንዲያደርግ የሚያዝዘውን ምርጫ በጋራ ፋይል ላይ መክፈትም እንዲሁ ነው። ሥራው የሚጀምረው ሠራተኛው ሊወጣ ሲቸኩል ስለሆነ፣ ኔትወርኩ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ጸረ ቫይረሱ ፋይሉን ይዞ ቢቆይ መንገድ ላይ ይቀራል። መረጃ የሚገባበት ቅጽና መረጃው የተቀመጠበት ሠንጠረዥ በሁለት ፋይል በተከፈለበት አሠራር ደግሞ ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ኮምፓክት የሚደረገው የተከፈተው የቅጹ ፋይል ብቻ እንጂ መረጃው ያለበት አይደለምና። በእኔ አስተያየት ምርጫውን አጥፍቶ፣ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት ኮምፓክት ማድረግ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ዳታቤዙን እንደ ዋንድራይቭ ባለ፣ ፋይሎችን በኢንተርኔት አማካይነት በኮምፒውተሮች መካከል በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ብዙ ሰው እንዲጽፍበት ማድረግ አይገባም፤ በሁለት ኮምፒውተሮች የተደረጉ ለውጦች ሲጋጩ የኮምፒውተሩ ስም የተቀጠለበት ሌላ ቅጂ ይፈጠራል። እንዲያውም ስሙ ምንጩን ይጠቁማል፦ «ዳታቤዝ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቁጥር ካለ ኮምፓክት ማድረግ፣ የኮምፒውተር ስም ከሆነ ማመሳሰል፣ «ባክአፕ» የሚል ከሆነ ደግሞ አክሰስ የተበላሸ ፋይል ሊጠግን ሲል ያስቀረው ቅጂ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል።