የቱርቦ ማኒኮቶ ዳገት ላይ እንዳይወልቅ እንዴት ይታሰራል?

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም። ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ጭነት የያዘ አይሱዙ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ እረፍት የለውም። የላላ ማኒኮቶ (አየሩን የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ) ካለ የሚጋለጠው እዚያ ነው፤ ፊሽ የሚል ድምፅ፣ ጥቁር ጭስ፣ ነዳጅ ቢረገጥም የማይመጣ ጉልበት። ብዙ ጊዜ ወዲያው «ቱርቦው ሄዷል» ይባላል። ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት ፋሸታዎቹን፣ ማለትም ማኒኮቶውን የሚያስሩትን የብረት ቀለበቶች እዩ።

መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። ኮፈኑን ክፈቱና የአየሩን መንገድ ተከተሉ፤ ከፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ወደ ቱርቦ፣ ከቱርቦ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያ ወደ ሞተር። ከቱርቦው በፊት ያለው ቱቦ አየር የሚስብ ነው። ቀዳዳ ካለው አቧራው ፊልትሮውን አልፎ ይገባና የቱርቦውን ምላጭ ይበላዋል። ብዙም ድምፅ ስለማያሰማ እኔ ይበልጥ የምፈራው ይሄኛውን ነው። ከቱርቦው በኋላ ያለው ደግሞ ግፊት ተሸካሚ ነው። ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማኒኮቶ በ1 ባር ግፊት መታጠፊያው ላይ ወደ 29 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ለመውለቅ ይገፋል።

መጋጠሚያው ላይ አቧራ የለጠፈበት ዘይት ካያችሁ አየር የሚያመልጠው በዚያ ነው። ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ መኖሩ አያስደነግጥም። የተጠራቀመ ዘይት ከሆነ ግን መካኒክ ይየው።

ፋሸታውን አላሉና ማኒኮቶውን እያዞራችሁ አውጡ። በካቻቢቴ አትፈንቅሉት። የተከፈተውን የቱርቦ አፍ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ስትገጥሙ ማንሳቱን እንዳትረሱ። ቀጥሎ የቧንቧውን ውጭና የማኒኮቶውን ውስጥ በፍሬን ማጽጃ ጠርጋችሁ አድርቁ። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘይት የነካው መጋጠሚያ ፋሸታው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ይንሸራተታል። አልገባ ካለ ግራሶ አትቀቡ። ትንሽ የፀጉር ስፕሬይ ንፉበት፤ ሲገባ ያንሸራትተዋል፣ ሲደርቅ ይይዛል። ሳቅ የሚያስመጣ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል።

ማኒኮቶው ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ይቀየር። የራዲያተር ማኒኮቶ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፤ አይበጅም። ያ ጎማ ለውሃ የተሠራ ስለሆነ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። በሽቦ ማሰርም ጎማውን ይቆርጠዋል። ጥርስ ያለው የተለመደው ፋሸታ ከፊልትሮ እስከ ቱርቦ ይበቃል። ግፊት ላለበት ክፍል ሰፊ፣ ልሙጥና በብሎን የሚጠብቀውን ግዙ።

የቧንቧው ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ክብ ጠርዝ አለ። ፋሸታው ከዚያ ጠርዝ ኋላ ይቀመጥ እንጂ ላዩ ላይ አይውጣ። ከማኒኮቶው ጫፍም ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ይበል። ስታጠብቁ ጎማው በፋሸታው ዳር ማበጥ ከጀመረ በቃ፣ ከልክ አልፋችኋል። ቱቦው ባትሪ ወይም የጭስ ማውጫ እንዳይነካም ተመልከቱ፤ ሞተር ሲነሳ ይወዛወዛል።

መፈተሽ ከፈለጋችሁ ሞተሩ ጠፍቶ የቱርቦውን መግቢያ የአየር መሙያ ቫልቭ ባለው ክዳን ዝጉ። ከሞተሩ ወደ መግቢያው የሚመጣውን የእስትንፋስ ቱቦም ድፈኑ፤ አለዚያ ግፊቱ ወደ ዘይቱ ክፍል ገብቶ ጎሚኒዎችን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትን ጎማዎች) ይጎዳል። ከዚያ ከጎሚስታ አየር ቀስ ብላችሁ አስገቡ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ጉልበተኛ ስለሆነ በመቆጣጠሪያ ከ0.7 ባር እንዳያልፍ አድርጉ። ከክዳኑ ፊት ለፊት አትቁሙ። የሳሙና ውሃ መጋጠሚያዎቹ ላይ አፍስሱ፤ አረፋ የሚያወጣው ጥፋተኛው ነው።

ከዚያ ክዳኑንና ድፍኑን አንሱ፣ ቱቦዎቹን መልሱና ዳገቱን ሞክሩት። ማግስቱን ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ፋሸታዎቹን እንደገና ንኩ። ጎማው ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ብዙውን ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ይቀበላሉ። ጥቁር ጭሱ አሁንም ካለ ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ፣ ቀጥሎም ኢንተርኩለሩን።