የሐረር ቡናን ስም ለመጠበቅ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ምን ይሥራ?

«ሐረር» የሚለው የቡና ስም በወረቀት በኩል ጠባቂ አላጣም። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ከሲዳሞና ከይርጋ ጨፌ ጋር በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብላት አመልክታ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። ይህ የፌዴራል ሥራ ነው። ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር የሚቀረው በጆንያው ውስጥ ያለው ቡና ነው፤ ስም የሚበላሸውም እዚያው ነው።

መጀመሪያ ተስማሙ። ስሙ የሐረር ነው፣ ዛፉ በአብዛኛው በኦሮሚያ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ፣ ምርመራውና ቀመሳው ድሬዳዋ። አንዱ ብቻውን የሚያወጣው መመሪያ ከኬላ አያልፍም። የየትኛው ወረዳ ቡና በስሙ እንደሚሸጥ፣ እንዴት እንደሚደርቅና ማን እንደሚቆጣጠር በአንድ የጋራ ሰነድ ይጻፍ። ከቡናና ሻይ ባለሥልጣን ደረጃ የተለየ መስፈርት ግን አትጨምሩ፤ አቅራቢውን ሁለቴ ማንገላታት ይሆናል።

በጀቱ ከፖስተርና ከባነር በፊት ወደ ማድረቂያ ይሂድ። የሐረር ቡና ያልታጠበ ነው፤ ከነገለፈቱ ስለሚደርቅ የፍራፍሬና የወይን ቃናውን የሚያገኘው በዚህ ነው፣ ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። ቀይ እሸት ብቻ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣ፣ በቀን ደጋግሞ ይገላበጥ፣ ማታ ከጤዛ ይሸፈን። እንደ አየሩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ከወፈረ ከሥር ያለው ይቦካል። በአፈር ላይ የደረቀ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ያንን መፈልፈልም መቁላትም አያስለቅቀውም። ደርቆ መልሶ የረጠበ ደግሞ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚወጣውን ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ መርዝ የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ ከ3 ማይክሮግራም በላይ አይቀበልም።

ለየኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) በእጅ ሲነቀነቅ መንኳኳቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን አይበቃም። መለኪያው ለተፈለፈለ ቡና የተሠራ ስለሆነ ጀንፈሉን እንዳለ ቢጨምሩበት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ እፍኝ ፈልፍሎ መለካት ነው። ከ11.5 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ አልጋው ይመለስ።

እያንዳንዱ ጆንያ ቀበሌውን፣ ማኅበሩን፣ የለቀማውን ወርና ኪሎውን የያዘ ሁለት ወረቀት ይኑረው፦ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ አፉ ላይ የተሰፋ። የማዳበሪያ ጆንያ አይፈቀድ፤ ያፍናል፣ ሽታም ያስተላልፋል። ኬላ ላይ ወረቀቱን ከመሸኛው ጋር ማመሳከር ብቻውን ዋጋ የለውም። የሚቀላቅል ሰው ጥሩውን ከላይ ነው የሚያደርገው፤ ናሙናው ከመሐልና ከታች ይውጣ።

በአገሪቱ አሠራር የቡና ደረጃ ሲወጣ ከ100 ነጥብ 40 ለጥሬው፣ 60 ለቀመሳው ነው። ማኅበሩ ለድሬዳዋ ከመጫኑ በፊት ቅድመ ቀመሳ የሚያደርግበትን ወጪ አስተዳደሩ ይሸፍን። ለአንድ ናሙና 5 ሲኒ፣ በየሲኒው 8.25 ግራም ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ። አምስት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አራቱ ጥሩ ሆነው አንዱ ከቦካ ቡናው ተቀላቅሏል ወይም አደራረቁ ወጥ አይደለም። ውጤቱ ወደ ቀበሌው ካልተመለሰ ግን ገንዘቡ ባከነ።

ገበሬውን ቡና ከሚያስነቅለው ነገር ዋናው ጫት ነው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ቡና አንዴ ይለቀማል። በስብከት የሚመለስ የለም፤ የዋጋ ልዩነት ካላየ ይነቅላል፣ ተገቢም ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል፣ ማለትም እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱ ወደ ታች ሲቆረጥ፣ ደህና ምርት የሚሰጠው ወደ ሦስተኛው ዓመት ላይ ስለሆነ ማሳውን ሁሉ በአንዴ አታስጎንድሉ፤ በየዓመቱ ሲሶው ይበቃል። ችግኝ ከመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል በተለቀቁት የአካባቢው ዝርያዎች ይሁን፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ዝርያ ቃናውን ይለውጣል።

የራስ አርማ የመጨረሻው ሥራ ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ ምልክት ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚቀርበው ከአጠቃቀም ደንቡ ጋር ሲሆን ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የማደሻውን ቀን ከአንድ ሰው በላይ ይያዘው፤ ባለሙያ ሲዛወር ፋይሉም አብሮ ይጠፋል። በሐረር ግንብ በጁገል ውስጥ ቡና ቆልቶ «ሐረር» ብሎ ለቱሪስት የሚያሽግ ነጋዴም የጆንያውን ወረቀት ቢያንስ እሽጉ ተሸጦ እስኪያልቅ ያስቀምጥ።